ገናሌ በበጋ ውኃ ከየት ያመጣል?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ግግር በረዶ ነው። «በረዶ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁ ቃል ካለ ዝለሉትና ኋላ ተመለሱበት። ትምህርቱ ከሩቅ አገር ዞሮ የሚመጣው ወደ ገናሌ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ወደራ፣ ማታ ማታ በምንማርበት ዳስ ውስጥ ነው። አንድ ምሽት በንባብ መጽሐፋችን ላይ «በረዶ» የሚል ቃል አገኘን። ፊደል በፊደል አነበብነው። በ፣ ረ፣ ዶ። እኔም ነገር ለማስረዘም ብዬ፣ በሩቅ አገር ዓመቱን ሙሉ በረዶ የለበሱ ተራሮች እንዳሉ ተናገርኩ። «በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ኖሮም አያውቅ» አልኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንተ የሩቁን ታውቃለህ። እኔ የቅርቡን ልጠይቅህ። በበጋ እዚህ ጠብ የሚል ዝናብ የለም። ትንንሾቹ ወንዞች ሁሉ አሸዋ ይሆናሉ። ገናሌ ግን ይፈሳል። ውኃውን ከየት ያመጣል?»

«ከደጋ ነው አባባ» አልኩ።

«ደጋስ ቢሆን በጥርና በየካቲት ይዘንባል እንዴ?»

መልስ አጣሁ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት አገላበጥኩ። የሽማግሌው ጥያቄና የእኔ በረዶ አንድ ነገር ሆነው አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ «ኖሮም አያውቅ» ያልኩት ስሕተት ነበር። ስሕተቴን በአፍ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ላርመው ብዬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ግግር በረዶ ምንድን ነው?

በረዶ ሲባል እናንተ የምታውቁት ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው። በኦሮምኛ ጨቢ የምትሉት ማለቴ ነው። ሰብል ይመታል፣ ጣራ ያንኳኳል፣ ወዲያው ይቀልጣል። በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ተራራ ላይ ግን በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ ብን ብን እያለ ይወርዳል። የዘንድሮው ሳይቀልጥ የከርሞው ይደረብበታል። በከርሞው ላይ የሚቀጥለው ዓመት ይጫናል። እንዲህ እየተደራረበ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል። ጥጡ ይጠቀጠቃል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም እንደ አለት የጠጠረ በረዶ ይሆናል። ግግር በረዶ ማለት ይኸ ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ይህ አለት የመሰለ በረዶ ይሄዳል! ክብደቱ ስለሚገፋው በሸለቆው ውስጥ ቁልቁል ይንሸራተታል። ማር የሞላ ቅል ብታጋድሉ ማሩ እንዴት ዝግ ብሎ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ከማር ደግሞ እጅግ የዘገየ ነው። ዓይን ቆሞ ቢያየው አይለየውም። ሲሄድ መሬቱን ይቧጭራል፣ ድንጋዩን ይነቅላል፣ ተሸክሞም ይወስዳል። ታች ሙቀት ያለበት ቦታ ሲደርስ ጫፉ ይቀልጥና ወንዝ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በረዶው የውኃ ጎተራ ነው። ተራራው ውኃ በሚያገኝበት ወራት ያስቀምጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥቂት በጥቂት ያወጣል። እናንተ እህላችሁን በመኸር አስገብታችሁ እስከ ክረምት በልክ እንደምትሰፍሩት ማለት ነው። ልዩነቱ ተራራው ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉ ብርዱ ነው።

በዓለም ትላልቅ ተራሮች መካከል

ከግግር በረዶዎች ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። ስሙ ባልቶሮ ይባላል። የሚገኘው በእስያ፣ ፓኪስታን በተባለ አገር፣ ካራኮረም በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ነው። ርዝመቱ 63 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ብርቱ ሰው ሜዳ ላይ እንኳ ሁለት ቀን ሙሉ የሚጓዘው መንገድ ነው።

በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች 14 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ይህን በረዶ ከበው ቆመዋል። ትልቁ ኬ ቱ ይባላል፤ 8,611 ሜትር ነው። ከዓለም ሁለተኛ መሆኑ ነው። አንደኛው 8,849 ሜትር የሆነው ኤቨረስት ነው። እስቲ ከእኛ ጋር አስተያዩት። ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነገሌን አምስት ጊዜ ብትደራርቧት ኬ ቱ አናት ላይ አትደርስም። እኔ ቁጥሩን ሠሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት እናት «እዚያ ላይ ማን ከብት ያግዳል?» ብለው ጠየቁ። ማንም አያግድም። ሣር የለም፤ ለመተንፈስ የሚበቃ አየር እንኳ የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 የጣሊያን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አናቱ ላይ ወጡ። ጭነታቸውን ተሸክመው በበረዶው ላይ ያደረሱላቸው ግን በመቶ የሚቆጠሩ የዚያው አገር ገበሬዎች ነበሩ። ስማቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም።

ከባልቶሮ ጫፍ የሚወጣው ውኃ ብራልዱ የተባለ ወንዝ ይሆናል። እየተቀላቀለ ሄዶ ኢንደስ ከተባለው ታላቅ ወንዝ ይገባል። ታች በቆላው፣ ዝናብ በጣም ጥቂት በሆነበት ሜዳ፣ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ በዚህ ወንዝ በመስኖ ስንዴ፣ ሩዝና ጥጥ ያመርታል። አብዛኛው ያንን በረዶ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚበላው እንጀራ ግን ከዚያ ይመጣል።

ወደ አፍሪካ እንመለስ። ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ፣ 5,199 ሜትር የሆነው የኬንያ ተራራ አለ። ከእርሱ በታች በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አለ፤ 5,895 ሜትር ነው፤ ከአፍሪካ ተራሮች አንደኛ ነው። ሁለቱም አናታቸው ላይ ግግር በረዶ አላቸው። ግን እያለቀ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 በኪሊማንጃሮ ላይ ያለው በረዶ ሲለካ ከ11 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በ2011 ሲለካ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። አባቱ 11 ጥማድ መሬት የነበረው ሰው ለልጁ ከሁለት ያነሰ እንዳወረሰው ቁጠሩት። ምድር እየሞቀች በመሄዷ፣ የቀረውም ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ አይኖርም ብለው ሊቃውንት ይጠብቃሉ።

በባሌ የነበረው በረዶ

«በእኛስ አገር?» ወደሚለው ደረስን።

ዛሬ በኢትዮጵያ አንድም ግግር በረዶ የለም። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ተራራ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በእኛ አካባቢ በረዶ ሳይቀልጥ ከዓመት ዓመት እንዲቆይ ከፍታው ወደ 5,000 ሜትር መድረስ አለበት። በስሜን ያለው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ነው የሚበልጠው። በባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጥቂት ጎደላቸው ማለት ነው። ድሮ ግን ምድር ሁሉ ከዛሬው በጣም የቀዘቀዘችበት ዘመን ነበር። ያን ጊዜ የባሌ ተራራ ከዛሬው በ5 ዲግሪ ያህል ይበርድ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ተራሮች በረዶ ለብሰው ነበር።

ባሌ ቅርባችን ነው። ከነገሌ ተነሥታችሁ፣ ገናሌን ተሻግራችሁ፣ በመዳ ወላቡና በደሎ መና አልፋችሁ፣ የሀረናን ደን ሰንጥቃችሁ ብትወጡ ሰነቴ ከሚባል አምባ ትደርሳላችሁ። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ዛፍ የለም። ጅብራና አጭር ቁጥቋጦ ብቻ ነው ያለው። ቱሉ ዲምቱ ከዚያው ላይ ቆሟል። ስሙን ለእናንተ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ያ የጠየቁኝ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ቡና በበቅሎ ጭነው በዚያ መንገድ ወደ ጎባ ይሄዱ ነበር። «ጧት ስንነሣ በቅሎዋ ውኃ ልትጠጣ ስትል ውኃው እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ከንፈሯን ይቆርጣት ነበር» ብለው አጫውተውኛል። እውነታቸው ነው። በሰነቴ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል። አንዳንዴም በረዶ ወርዶ አምባው ነጭ ሆኖ ያድራል። ግን አይቆይም፤ ፀሐይ ይወስደዋል።

ታዲያ የድሮው በረዶ እዚያ እንደነበር በምን ታወቀ? በድንጋዩ ነው።

ግሬደር መንገድ ሲጠርግ አይታችኋል። አፈሩንና ድንጋዩን እየገፋ ከመንገዱ ዳርና ዳር ይቆልለዋል። ግሬደሩ ከሄደ በኋላ እንኳ ቁልሉን ያየ ሰው፣ «እዚህ ግሬደር አልፏል» ይላል። ግግር በረዶም እንደዚሁ ነው። በባሌ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ለምሳሌ ከጎባ በላይ ባለው በቶጎና ሸለቆ፣ በረዶው እየገፋ የቆለለው ድንጋይና አፈር እንደ ረጅም ካብ ተጋድሞ ይታያል። ወንዝ እንዲህ አይከምርም። ሰውም አልካበውም።

በሸለቆው ራስ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ሐይቅ አለ። ስሙም ገርባ ጉራቻ ነው፤ ይኸውም ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው በረዶው ነው። በረዶው ሲሄድ ውኃ ሞላበት።

በሰነቴ ደቡብ በኩል ደግሞ ትልልቅ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተሰልፈው፣ ልክ እንደ ታረሰ እርሻ ትልም ሆነው ቁልቁል ወርደዋል። የአንዱ ትልም ስፋት እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀቱም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያደረገው ውርጩ ነው። መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ወደ ዳር ገፋው። በሬ የለ፣ ሞፈር የለ፣ ያንን ሁሉ ትልም ብርድ አወጣው!

ዘመኑንም ያወቁት ከድንጋዩ ነው። ከሰማይ ዘወትር የማይታይ ጨረር ይወርዳል። ድንጋይ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ሰማይን ካየበት ቀን ጀምሮ ይህ ጨረር በውስጡ ምልክት ያስቀምጣል። ሊቃውንት ምልክቱን ቆጥረው ድንጋዩ ስንት ዘመን ሰማይ እንዳየ ያውቃሉ። በዚህ መንገድ የባሌ በረዶ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደነበር ደርሰውበታል። መቅለጥ ከጀመረ በኋላም ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ጠፋ።

ከሁሉ የበለጠ እኔን የደነቀኝ ግን ሰው ነው። ያን ጊዜ ባሌ ላይ ሰው ነበረ! ፊንጫ ሐበራ በሚባል ቦታ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ የአለት መጠለያ አለ። ሊቃውንት ወለሉን ቆፍረው አመድ፣ አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ አገኙ። ግኝቱን በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለዓለም አስታወቁ። ሰዎቹ በዚያ የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ውስጥ ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል እየያዙ ጠብሰው ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን እንደ ጠርሙስ የሚስል ጥቁር ድንጋይ ከበረዶው አቅራቢያ፣ ከዚያ ከፍ ካለው ቦታ እያመጡ ይጠርቡ ነበር። ታች ያለው አገር ያን ጊዜ ደረቅ ነበር። በረዶው እየቀለጠ ስለሚፈስ ላይኛው አገር ግን ውኃ አላጣም። ውኃ ፍለጋ መውጣትና መውረድ እንግዲህ በእናንተ አልተጀመረም።

በረዶው ከሄደ ጎተራውን ማን ያዘው?

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ተመለስን። በረዶው ከጠፋ 15,000 ዓመት ሆኖታል። ገናሌ ግን ዛሬም በበጋ ይፈሳል።

አንደኛው መልስ፣ ደጋው የሚያገኘው ዝናብ ከእናንተ ይበልጣል። እናንተ የገንናን ዝናብና የሀገያን ዝናብ ነው የምትጠብቁት። የባሌ ተራራ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙውን ጊዜ ዝናብ አያጣም። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ዝናቡ እንደ ወረደ ቢሮጥ ኖሮ ጥር ሳይደርስ ባለቀ ነበር።

ሁለተኛው መልስ ዋናው ነው። ዛሬ ጎተራው የተራራው ሣር፣ ረግረጉ፣ አስታውና የሀረና ደን ነው። በሰነቴ ላይ እግር ብታሳርፉ መሬቱ እንደ ስፖንጅ ይረግጣል የሚባልበት ቦታ ብዙ ነው። ዝናቡ በሣሩ ሥር፣ በዛፉ ሥር ገብቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያም በየምንጩ ቀስ እያለ ይወጣል። በረዶው በብርድ ይይዘው የነበረውን ውኃ አሁን ሥርና አፈር ይይዙታል። እናንተ በዱብሉቅና በመልባና የቦረና ወንዶች ተሰልፈው እየዘፈኑ የሚቀዱባቸውን የቱላ ኤላዎች ታውቃላችሁ። ያም የምድር ጎተራ ነው። ልዩነቱ የቱላውን እናንተ ትቀዱታላችሁ፤ የባሌው ራሱ ወርዶ ይመጣል።

ከዚያ ተራራ ደቡብ ወልመል በሀረና በኩል ወርዶ ገናሌን ይቀላቀላል። ከሰሜኑ በኩል ወይብ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። የቶጎናም ውኃ ከወይብ ጋር ነው። ሁሉም ዶሎ አካባቢ ከዳዋ ጋር ተገናኝተው ጁባ የተባለ ወንዝ ይሆናሉ፤ ወደ ሶማሊያም ይሻገራሉ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ 254 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 110 ሜትር ነው። እርሱም በሰው እጅ የተሠራ ጎተራ ነው። ግን ግድብ ከላይ የሚመጣለትን ነው የሚይዘው። ከላይ ጭቃ ከመጣለት ጭቃ ይይዛል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። በረዶውን ያጠፋው የዘመን ሙቀት ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። አስታውና ደኑ ግን በእሳትና በምሳር ነው የሚያልቁት። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነደደ። ለማጥፋት በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ ከውጭ አገርም እርዳታ መጣ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን በተራራው ላይ አስታ ይቃጠላል። የሚያቃጥለው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት፣ ነብርና ጅብም እንዲርቅለት ነው። «የተራራው ሰው ውኃችንን አጠፋ» ብሎ መክሰስ ይቀላል። ግን የቆላው ሰውስ? በጎዳንቱ ከብቱን ወደ ደጋ የሚሰድ፣ የሀረናን ጣውላ የሚገዛ፣ ከዚሁ ከራሳችን ከአንፈራራና ከወደራ ደን የተከሰለ ከሰል የሚያነድ ማን ነው? እኔም ሻይ የማፈላው በእሱው ከሰል ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን አውጥቼ አይደለም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሳይዘንብ ቀረ። በቦረና ስንት ከብት እንዳለቀ እናንተ ናችሁ የቀበራችሁት፤ እኔ አልነግራችሁም። በዚያ ጊዜ የወንዝ ዳር ሰውና የሜዳው ሰው ልዩነት ምን ያህል እንደነበር ግን አስቡት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ቀይ ቀበሮውና ሌሎቹ በዚያ ብቻ የሚገኙ እንስሳትና ዕፅዋት ስላሉበት ነው። እኔ ግን የምንጮቹን ነገር አስቀድማለሁ።

ሠርታችሁ እዩት

ያነበባችሁትን በእጃችሁ ሞክሩት። ሁለት ያረጁ ጄሪካኖች በቁመታቸው ሰንጥቃችሁ ሁለት ገበታ አድርጉ። በአንዱ ባዶ አፈር ሙሉ። በሁለተኛው ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅላችሁ አስገቡ። የሁለቱንም ታችኛ ጫፍ ብሱ። ከሥራቸው ድንጋይ አድርጋችሁ አጋድሟቸው፤ በቀዳዳውም ሥር ጣሳ አስቀምጡ። ከዚያ በሁለቱም ላይ እኩል እኩል ውኃ፣ እንደ ዝናብ እየረጫችሁ አፍስሱ። እኛ በዳሱ ውስጥ ስንሠራው የባዶው አፈር ውኃ ወዲያው ወረደ፤ ቀይ ጭቃ ነበር። የሣሩ ቆይቶ መጣ፤ ጠራ ያለ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ፋኖሱን ስናጠፋም ገና ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉና ጥቂት ሰሙት። «ይኸ ገናሌ ነው» አሉ።

ጥያቄዎች

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች አንብባችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. በባልቶሮ ዙሪያ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑ ስንት ተራሮች አሉ? የትልቁስ ስም ማን ይባላል?
2. በባሌ ላይ በረዶ እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች ሁለቱን ጻፉ።
3. በረዶው ከጠፋ በኋላ የተራራውን ውኃ የሚይዘው ምንድን ነው?
4. በቀዬአችሁ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ? ስሙን ጻፉ። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ዛሬ ምን ለብሷል? ከዐሥር ዓመት በፊትስ ምን ለብሶ ነበር? ይህን የማታውቁ ወጣቶች ሽማግሌ ጠይቁና ጻፉ።